ካስቱ ሲጮህ ጥቃቱ አልቋል፦ ሰርቨርን ከአደገኛ ዲሲሪያላይዜሽን ስለመጠበቅ

ጥያቄ፦ «በጃቫ 11 የሚሠራ ሰርቨር አለን። "አስታውሰኝ" ብሎ የሚገባ ተጠቃሚ መረጃውን የያዘውን ኦብጀክት ሲሪያላይዝ አድርገን፣ ወደ ቤዝ64 ቀይረን ኩኪ ውስጥ እናስቀምጣለን። በውስጥ አገልግሎቶቻችን መካከልም ኦብጀክቶችን በመልእክት ወረፋ እንልካለን። የደኅንነት ፍተሻ "አደገኛ ዲሲሪያላይዜሽን" የሚል ከፍተኛ ስጋት አወጣብን። እኛ ግን ኦብጀክቱን እንዳነበብን ወዲያው ወደ ራሳችን ክላስ ካስት እናደርገዋለን፤ ሌላ ዓይነት ከመጣ ስህተት ወጥቶ ይቆማል። ኮመንስ ኮሌክሽንስ የሚባለውን ላይብረሪም አውጥተናል። ወረፋው ደግሞ ከውጭ አይደረስበትም። ይህ አይበቃም? ካልበቃ ሁሉን ነገር እንደገና ሳንጽፍ ምን ማድረግ እንችላለን?»

ምላሽ፦

አይበቃም። ሲሪያላይዜሽን ኦብጀክትን ወደ ባይቶች መቀየር፣ ዲሲሪያላይዜሽን ደግሞ ከባይቶቹ ኦብጀክቱን መልሶ መገንባት ነው፤ ካስት «ይህ ኦብጀክት የዚህ ክላስ ነው» ብሎ መውሰድ ነው። ካስቱን አስቀድመን እንየው፤ ብዙ ጠንቃቃ ፕሮግራመር የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። አንብቦ ካስት የሚያደርገው የኮድ መስመር ሲታይ አንድ ድርጊት ይመስላል፤ ሲሠራ ግን ሁለት ነው። መጀመሪያ ኦብጀክቱን ከባይቶቹ የሚያነበው ሜተድ፣ ሪድኦብጀክት፣ ይጠራል፣ ሥራውን ጨርሶ ይመለሳል፤ ካስቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሪድኦብጀክት ደግሞ እናንተ የምትጠብቁት ክላስ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከባይቶቹ ውስጥ የክላስ ስም ያነባል። በዚያ ስም የሚጠራውን ክላስ ሰርቨሩ ላይ ካሉት ሁሉ ፈልጎ ይጭናል። የክላሱን ኮንስትራክተር ሳይጠራ ባዶ ኦብጀክት ይፈጥራል፣ ፊልዶቹን ከባይቶቹ ይሞላል፤ ክላሱ የራሱ የማንበቢያ ሜተድ ካለው ያንን ያስኬዳል። «ይህ የምጠብቀው ክላስ አይደለም» የሚለው ስህተት የሚወጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ስለዚህ ኩኪው በሚነበብበት መስመር ላይ ክላስካስትኤክሴፕሽን ሎጋችሁ ውስጥ ካገኛችሁ «ጥቃቱ ከሽፏል» ብላችሁ አትለፉት። ተሳክቶ ያለቀ ጥቃትም የሚተወው ምልክት ያው ነው።

ባይት ማንበብ እንዴት ትእዛዝ ወደ ማስኬድ ይደርሳል? ትንሽ ምሳሌ እንውሰድ። ሃሽማፕ (ዳታን በቁልፍ የሚያስቀምጥ የጃቫ ክላስ) ከባይት ተነሥቶ ሲገነባ ቁልፎቹን በየቦታቸው ለመደርደር የእያንዳንዱን ቁልፍ ሃሽኮድ፣ ከይዘቱ ቁጥር የሚያሰላውን ሜተድ፣ ይጠራል። ቁልፉ የዩአርኤል ኦብጀክት ከሆነ፣ የዩአርኤል ሃሽኮድ የአስተናጋጁን ስም ወደ አይፒ አድራሻ ለመፍታት የዲኤንኤስ ጥያቄ ይልካል። እንግዲህ አጥቂው አንድ ሃሽማፕና አንድ ዩአርኤል ብቻ ልኮ ሰርቨራችሁ ወደ መረጠው ስም ጥያቄ እንዲልክ አደረገ ማለት ነው። የውጭ ላይብረሪ አላስፈለገውም፤ ሁለቱም ክላሶች የጃቫ የራሱ ናቸው። ይህ በራሱ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ነገር ግን በሩ ክፍት መሆኑን ያረጋግጣል። የደኅንነት መርማሪዎችም የሚፈትሹት ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ ክላሶቹን ማያያዝ ነው፤ አንዱ ሜተድ ሌላውን እየጠራ በመጨረሻ የሲስተም ትእዛዝ ወደሚያስኬድ ሜተድ የሚደርስ ሰንሰለት መፈለግ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የወጣውና ዌብሎጂክ፣ ዌብስፌር፣ ጄቦስና ጄንኪንስ የተባሉትን የጃቫ ሰርቨር ሶፍትዌሮች ያናጋው ሰንሰለት ኢንቮከርትራንስፎርመር በሚባል የኮመንስ ኮሌክሽንስ ክላስ ላይ የቆመ ነበር። ያ ክላስ የተሰጠውን የሜተድ ስም ተቀብሎ በሪፍሌክሽን፣ ማለትም ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ በስሙ ብቻ፣ ይጠራል፤ ለአጥቂ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም።

ላይብረሪውን ማውጣታችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ያወጣችሁት አንዱን ሰንሰለት እንጂ ክፍተቱን አይደለም። ክፍተቱ ላኪው ክላስ መምረጥ መቻሉ ነው። በሌሎች ታዋቂ ላይብረሪዎች ውስጥ በርካታ ሰንሰለቶች ተገኝተዋል፤ በጃቫ 7 ዝመና 21 ላይ ያለ ምንም ተጨማሪ ላይብረሪ የሚሠራም ነበር። በዚያ ላይ ነገ አንድ ባልደረባችሁ የሚያስገባው አዲስ ላይብረሪ ሌላ አሥር ይዞ ሊመጣ ይችላል። አደገኛ ክላሶችን በስም እየቆጠሩ ማገድም መጨረሻው ይኸው ነው። ዌብሎጂክ ከ2015 በኋላ እንዲህ ያለ እገዳ አስገብቶ በተከታታይ ሲታለፍበት ቆይቷል። ጄሰን የተባለውን የዳታ ቅርጽ የሚያነበው የጃቫ ላይብረሪ ጃክሰንም ለዓመታት የታገዱ ክላሶች ዝርዝሩን ሲያስረዝም ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በ2.10 ቅጂው የተፈቀዱትን ብቻ ወደሚያሳልፍ አሠራር ተሸጋገረ። የታገዱ ዝርዝር የሚይዘው ትናንት የታወቀውን ብቻ ነው።

ቤዝ64 ባይቶችን በተራ ፊደላት የመጻፊያ ዘዴ ነው እንጂ ምስጢር አይደለም፤ ማንም ይፈታዋል። እንዲያውም ያጋልጣችኋል። ማንኛውም የጃቫ ሲሪያላይዜሽን በአራት ባይቶች፣ በኤሲ፣ ኢዲ፣ 00 እና 05 ይጀምራል፤ ይህም ወደ ቤዝ64 ሲቀየር ሁልጊዜ ትንሿ አር፣ ትልቁ ኦ፣ ዜሮ፣ ትልቁ ኤ፣ ትልቁ ቢ ሆኖ ይወጣል። ኩኪያችሁን ብራውዘሩ ላይ ከፍታችሁ እዩት፤ እነዚህን አምስት ፊደሎች መጀመሪያው ላይ ታገኛላችሁ። አጥቂም የሚፈልገው እነሱኑ ነው።

«እንግዲያውስ ኩኪውን እናመስጥረው» የሚል ሐሳብ ቢመጣላችሁ የተጠቃሚ መግቢያን የሚያስተዳድረውን የጃቫ ላይብረሪ፣ የአፓቼ ሺሮን፣ ታሪክ አስታውሱ። ጉዳዩ የእናንተው ዓይነት ነበር፤ «አስታውሰኝ» የሚል የተመሰጠረ ኩኪ። ከ1.2.5 በፊት የነበሩት ቅጂዎች ተጠቃሚው ቁልፍ ካልሰጣቸው በላይብረሪው ኮድ ውስጥ የተጻፈውን ቁልፍ ይጠቀሙ ነበር፤ ያ ቁልፍ ደግሞ ኮዱን ላነበበ ሁሉ የታወቀ ነው። ማመስጠር ይዘቱን ይሸፍናል እንጂ ማን እንደጻፈው አያረጋግጥም። የሚያስፈልጋችሁ ፊርማ ነው፦ ኤችማክ ሻ 256 (በምስጢር ቁልፍ ከዳታው የሚሰላ ማረጋገጫ)፣ በዘፈቀደ በተገኘ የ32 ባይት ቁልፍ። ቁልፉ ከኮዱና ከኮድ ማከማቻው ውጭ ይቀመጥ። ፊርማው የሚረጋገጠው አንድም ባይት ወደ ሪድኦብጀክት ከመግባቱ በፊት ነው። ንጽጽሩ በተራ የእኩልነት ሜተድ ሳይሆን በሜሴጅዳይጀስት ኢዝኢኳል ይሁን፤ ተራው ንጽጽር የመጀመሪያው ልዩነት ላይ ስለሚቆም ምን ያህሉ ባይት ትክክል እንደሆነ በጊዜ ልዩነት ሊያሳብቅ ይችላል።

ፊርማም ቢሆን ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2025 ሸርፖይንት በተባለው የማይክሮሶፍት የሰነድ መጋሪያ ሰርቨሮች ላይ በደረሰው ጥቃት ሰርጎ ገቦቹ ከሰርቨሮቹ የፊርማ ቁልፎችን ሰርቀው ወጡ። ቁልፉ በእጃቸው ስለሆነ ሰርቨሩ ከተጠገነ በኋላም በትክክል የተፈረመ ተንኮል አዘል ዳታ መሥራት ይችሉ ነበር፤ ማይክሮሶፍትም ከጥገናው ጋር ቁልፎቹን መቀየር ግዴታ መሆኑን አሳሰበ። ፊርማ ችግሩን ወደ ቁልፉ ያዛውረዋል፤ ቁልፉ የወጣ ዕለት ካስት ብቻ ወደነበራችሁበት ቦታ ትመለሳላችሁ።

ወረፋው ከውጭ አይደረስበትም ያላችሁትን ደግሞ እንዲህ አስቡት። ወረፋው ላይ መጻፍ የሚችሉት አገልግሎቶች ስንት ናቸው? ከእነሱ ደካማው ሲሰበር ሰባሪው አንድ መልእክት ብቻ ጽፎ የቀሩትን ሁሉ ይይዛል። የወረፋ ሶፍትዌሩ ራሱም መግቢያ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ይፋ የሆነው አክቲቭኤምኪው የተባለው የወረፋ ሶፍትዌር ክፍተት ይህን በደንብ ያሳያል። እዚያ የጃቫ መደበኛ ሲሪያላይዜሽን እንኳ አላስፈለገም። ሶፍትዌሩ የራሱን ፕሮቶኮል ሲያነብ የስህተት ዓይነት ነው የተባለውን የክላስ ስም ከመልእክቱ ይቀበልና አንድ ጽሑፍ ሰጥቶ ኮንስትራክተሩን ይጠራ ነበር። አጥቂዎች የስህተት ክላስ በመላክ ፋንታ ከተሰጠው አድራሻ የኤክስኤምኤል ፋይል አውርዶ የሚያስኬድ፣ ስፕሪንግ ከተባለው የጃቫ ማዕቀፍ የሆነ ክላስ ላኩ። የክላስ ስም ከላኪ መቀበል ብቻውን በቂ ነበር። አክቲቭኤምኪው የምትጠቀሙ ከሆነ 5.15.16፣ 5.16.7፣ 5.17.6 ወይም 5.18.3 እና ከዚያ በላይ መሆናችሁን ዛሬውኑ አረጋግጡ። «የታመኑ ፓኬጆች» በሚለው ቅንብር ላይ ኮከብ አስቀምጣችሁ ሁሉን ፈቅዳችሁ እንደሆነም እዩ፤ ሥራ ሲቸኩል ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የማያወላዳው ምክሬ ይህ ነው፦ የጃቫን ሲሪያላይዜሽን ከሰርቨራችሁ መግቢያዎች ሁሉ አውጡት፣ ከኩኪው ጀምሩ። ኩኪው ውስጥ ኦብጀክት መኖር የለበትም። ቢያንስ 128 ቢት ያለው፣ በሴኪዩርራንደም የተፈጠረ ቁጥር ብቻ ይኑር፤ መረጃው ሰርቨሩ ዘንድ በዳታቤዝ ይቀመጥ። ይህ ትልቅ ሥራ አይደለም፤ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበትን በር ይዘጋላችኋል። ለወረፋው ጄሰን ወይም ፕሮቶባፍ የተባሉትን የዳታ ቅርጾች ተጠቀሙ። ፕሮቶባፍ ላይ የመልእክቱ ዓይነት አስቀድሞ በስኪማው ስለሚወሰን ላኪው የክላስ ስም የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ጄሰንን የመረጠ ግን አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል፤ ሰፋ አድርጌ ላስረዳው።

ጄሰን በራሱ ተራ ዳታ ነው፤ ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ ዝርዝር። አደገኛ የሚሆነው አንባቢው ላይብረሪ የክላስ ስም ከውስጡ እንዲያነብ ሲፈቀድለት ነው። ጃክሰን ላይ ይህ «ዲፎልት ታይፒንግ» ይባላል፤ ሳትከፍቱት አይሠራም፣ አትክፈቱት። ሳታስቡት የሚከፈትበት ቦታ ግን አለ። ስፕሪንግ ሴሽን (የገባውን ተጠቃሚ መረጃ የሚይዘው ላይብረሪ) ዳታውን ሬዲስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ሲያስቀምጥ ሌላ ካልታዘዘ የሚጠቀመው የጃቫን ሲሪያላይዜሽን ነው። ይህን አይቶ «ወደ ጄሰን ልቀይረው» ያለ ሰው ጀነሪክ የሚባለውን የጃክሰን ሲሪያላይዘር ያስገባል። ሬዲሱን ከፍታችሁ የተቀመጠውን ብታዩ እያንዳንዱ ኦብጀክት «አት ክላስ» የሚል ፊልድና ሙሉ የክላስ ስም ይዞ ታገኙታላችሁ። ቅርጹ ተቀየረ እንጂ ምርጫው አሁንም የዳታው ነው፤ ሬዲሱ ላይ መጻፍ የቻለ ክላስ ይመርጣል። በዚህ ፋንታ ለእያንዳንዱ የመልእክት ዓይነት የታወቀ ክላስ ስጡት። አንድ ወረፋ ብዙ ዓይነት መልእክት የሚያመላልስ ከሆነ ጄሰንታይፕኢንፎ በሚባለው የጃክሰን ቅንብር ላይ «ክላስ» የሚለውን ሳይሆን «ኔም» የሚለውን መርጣችሁ፣ እንደ «ትእዛዝ» ወይም «ክፍያ» ያሉ አጫጭር ስሞችን ከክላሶቻችሁ ጋር በኮዱ ውስጥ አያይዙ። ያልተዘረዘረ ስም የያዘ መልእክት ይወድቃል።

ይህ እስኪያልቅ ድረስ ማጣሪያ ያስፈልጋችኋል፤ ጃቫ 11 ደግሞ አለው። ኦብጀክትኢንፑትፊልተር የመጣው በጃቫ 9 ሲሆን ወደ ጃቫ 8 ዝመና 121ም ተመልሷል። ማጣሪያው እያንዳንዱ ክላስ ከመፈጠሩ በፊት ይጠየቃል፤ ካስቱ ዘግይቶ የሚያደርገውን እሱ በጊዜው ያደርጋል። የተፈቀዱትን ክላሶች አንድ በአንድ ጻፉ፤ ፓኬጅ በሙሉ አትፍቀዱ። መጨረሻው ላይ ደግሞ !* መኖር አለበት፣ «የቀረውን ሁሉ ከልክል» ማለት ነው። ይህን የረሳ ሰው ማጣሪያ ያለው ይመስለዋል እንጂ የለውም፤ ከዝርዝሩ ጋር ያልገጠመ ክላስ «አልተወሰነም» ተብሎ ያልፋልና።

ማጣሪያውን በቀጥታ ብታስገቡት ሥራ ያቆማል። ሃሽማፕ ፈቅዳችሁ ሃሽማፕ ሲወድቅ ታያላችሁ፤ ምክንያቱም ሃሽማፕ ሲነበብ በውስጡ የማፕ ኢንትሪ አሬይ ስለሚያስፈትሽ እሱም መፈቀድ አለበት። አሬይሊስት የኦብጀክት አሬይን ያስፈትሻል። ኢንቲጀር ወላጁን ነምበርን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመዘግብ ብቻ፣ የማይከለክል ማጣሪያ ጽፋችሁ ለሁለት ሳምንት አስኪዱ፤ የወር መጨረሻ ሥራ ያለው ሲስተም ከሆነ የወሩ መዝጊያ እስኪያልፍ። የተጠራቀሙትን የክላስ ስሞች በዓይናችሁ አንብቡና ዝርዝሩን ከዚያ ሥሩ። ዝም ብላችሁ አትገልብጡት፤ በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ አጥቂ ሞክሮ ከነበረ የእሱም ክላሶች እዚያው ናቸው።

የማጣሪያው የቁጥር ገደቦች ከክላስ ዝርዝሩ እኩል ያስፈልጋሉ። ሁለት ሁለት ሃሽሴት በውስጡ የያዘ ሃሽሴት፣ እነሱም እንዲሁ እየያዙ 100 ደረጃ ቢወርድ፣ ዳታው ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው። ሃሽኮዱን ለማስላት ግን ሥራው በየደረጃው እጥፍ ስለሚሆን ፕሮሰሰሩ እስከ ወዲያኛው አይጨርሰውም። እዚህ ውስጥ አንድም አደገኛ ክላስ የለም፤ የተፈቀዱ ዝርዝራችሁ ሃሽሴትን ከፈቀደ ያልፋል። ለኩኪው ጥልቀቱን በ5፣ የማጣቀሻዎቹን ብዛት በ200፣ የአሬይ ርዝመትን በ100፣ ባይቱን በ3072 ጀምሩ። ብራውዘሮች ለአንድ ኩኪ የሚፈቅዱት ወደ 4096 ባይት ነው፣ ቤዝ64 ደግሞ በሲሶ ስለሚያስረዝም ከዚህ በላይ የሆነ ሕጋዊ ኩኪ ሊመጣ አይችልም።

ሁለት ጥንቃቄዎች። ማጣሪያውን ከመጀመሪያው ንባብ በፊት አስገቡት፤ ንባብ ከተጀመረ በኋላ አይቀበልም። ሁለተኛው፣ ሳይንድኦብጀክትን የመሳሰሉ ክላሶች በውስጣቸው ሌላ ሲሪያላይዝ የሆነ ባይት ይሸከማሉ፤ ሲከፈቱ አዲስ ስትሪም (የባይት ማንበቢያ) ይፈጥራሉ። እናንተ በአንዱ ስትሪም ላይ የሰቀላችሁት ማጣሪያ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ጃቫን በሚያስኬደው ጄቪኤም ማስጀመሪያ ላይ ለፕሮሰሱ በሙሉ የሚሠራ ጠቅላላ ማጣሪያም አስቀምጡ። ወደ ጃቫ 17 ስትሸጋገሩ የማጣሪያ ፋብሪካ የሚባለው ሁለቱን በአንድ ያስተዳድርላችኋል።

ከሽግግሩ አደገኛው ጊዜ አሮጌውና አዲሱ ኩኪ ጎን ለጎን የሚነበቡበት ነው። ሰርቨሩ አዲሱን ብቻ ይጻፍ፣ አሮጌውን በፊርማና በማጣሪያ በኩል ብቻ ያንብብ። አሁን ያለው አሮጌው ኩኪ ፊርማ ስለሌለው፣ አዲሱ እስኪደርስ ድረስ በሚጻፉት አሮጌ ኩኪዎች ላይ ፊርማውን ከዛሬ ጀምሮ አስገቡና ያልተፈረመውን ጣሉት። ተጠቃሚዎች አንድ ጊዜ እንደገና ይገባሉ፤ ሌላ ጉዳት የለውም። አሮጌው መንገድ የሚዘጋበትን ቀን በጽሑፍ ወስኑ፣ የኩኪው ዕድሜ 14 ቀን ከሆነ በ15ኛው ቀን። ክፍት እስካለ ድረስ የትኛውን ቅርጽ እንደሚልክ የሚመርጠው አጥቂው ነው።

ሰርቨሩ ያለ ሥር ተጠቃሚ ፈቃድ መሥራቱ፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ግንኙነት በሚያስፈልጉት አድራሻዎች ብቻ መወሰኑ ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ብዙ ጥቃት ሁለተኛውን ክፍል ከውጭ ስለሚያወርድ። ክፍተቱን ግን አይዘጋም። አራቱን ባይቶች የሚፈልግ የድረ ገጽ ፋየርዎልም እንዲሁ፤ ዳታው ከተጨመቀ ወይም ከተመሰጠረ አያያቸውም። ይልቅ የጃቫው ፕሮሰስ ሼል (የሲስተም ትእዛዝ ማስኬጃ) ሲያስነሣ የሚጮህ ማንቂያ አድርጉ፤ ተራ የድረ ገጽ ሰርቨር ሼል የሚያስነሣበት ምክንያት ጥቂት ነው።

ከጃቫ ውጭ የተጻፉ አገልግሎቶች ካሏችሁ ነገሩ ያው ነው፣ ስሙ ብቻ ይለያል። የፓይተን ሲሪያላይዜሽን የሆነው ፒክል ዳታው ራሱ «ይህን ፈንክሽን ጥራ» እንዲል ስለተሠራ ሰንሰለት እንኳ አያስፈልገውም፤ ለያምል ሴፍ ሎድን ተጠቀሙ። የማሽን መማሪያ ላይብረሪው ፓይቶርች ከ2.6 ጀምሮ የሞዴል ፋይል ሲጭን ከክብደቶቹ ሌላ እንዳይቀበል ተደርጓል፤ ይህን በእጃችሁ አታጥፉት። በፒኤችፒ ከአንሲሪያላይዝ ወደ ጄሰን ዲኮድ ዙሩ። በዶትኔት ባይነሪፎርማተር ከዶትኔት 9 ወጥቷል፣ በአሮጌው ላይ ያላችሁ አትጠብቁ።

ሥራውን የምትጀምሩት ኮዱን በመፈለግ ነው፦ ኦብጀክትኢንፑትስትሪም፣ ሪድኦብጀክት፣ ኦብጀክትሜሴጅ። ከዚያ በ1099 ፖርት የሚሰማ የአርኤምአይ በር (የጃቫ ሜተድ ከርቀት የሚጠራበት) ወይም ክፍት የተተወ ጄኤምኤክስ (የጃቫ ፕሮግራም መቆጣጠሪያ) መኖሩን ከውጭ በፖርት ስካን አረጋግጡ፤ እነዚህ በኮዳችሁ ውስጥ አይታዩም። የመጨረሻው አሮጌ መንገድ በተሰረዘ ዕለት፣ ኦብጀክትኢንፑትስትሪም የሚለው ስም ኮዱ ውስጥ ከተገኘ ግንባታውን የሚያቆም ፍተሻ ጨምሩ።